የቢጫው ጮማ ምስክርነት

የሥጋ ደረጃ መዳቢው አናቱ ተፈንክቶ፣ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ከተንጠለጠለ በሬ ሥር ተገኘ። ግራ እጁን እንደጨበጠ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታላቅቅ ቁራጭ ጮማ ወጣ፤ ቢጫ። ቀና ብላ የተንጠለጠለውን አየች። የዚያ ጮማ እንደ ወተት የነጣ ነው።

«ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ።

ውጭ የክፍሉ ጠባቂ በካቴና ታስሮ ቆሟል። የሟች ልጅ ባል ነው፤ ትናንት ከአማቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሚስቱ ራቅ ብላ ቆማ፣ ዓይኑን አላይም ብላለች።

«እትዬ፣ እውነቴን ነው» አለ። «ማታ ሁለት በሬ ነበር የተሰቀለው። አባባ ‹አንዱን ደግሜ ልየው› ብሎ ቀረ፤ እኔ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት በሬው ላይ የታሰረው ካርቶን ላይ ያለውን የባለቤት ስም አይቼ ለሥጋ ሻጩ የእሱን አስጫንኩ። አባባን ወድቆ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

ሥጋ ሻጩ ደግሞ፣ ሰው ሞቶ እሱን ያንገበገበው ሥጋው ነው። «የገዛሁት ወራት የተቀለበ በሬ ነበር! የደረሰኝ ግን ጮማው ስስ፣ ቢጫ! ደንበኛ ፊት አዋረዱኝ!»

የነጩ ሥጋ ባለቤት፣ ከብት አድላቢው፣ ረጋ ብሎ መለሰ። እርጋታው አላማራትም።

«ወዳጄ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። በሬዬን አየሽልኝ፣ ልጄ? ግማሽ ዓመት ሙሉ እህል የቀለብኩት ነው። የሚገዛኝ ሆቴል የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።»

ወንፊት ነጩ ሥጋ ላይ የታሰረውን፣ የአድላቢው ስም የተጻፈበትን ካርቶን ገልብጣ አየችው። ጀርባው ላይ ቢጫ ስብ ተለድፎበታል።

ሁሉንም ሰበሰበች፤ ሥጋ ሻጩም ያልሸጠውን አስመጣ። ቁራጩን ጮማ በመጣው ሥጋ ጎን ካለው የቢላ ምልክት ላይ ስታኖረው ልክክ አለ።

«ሟቹ የቆረጠው ከዚህ በሬ ነው» አለች። «ሣር ብቻ የበላ ከብት ጮማው ቢጫ ነው። የሚነጣውም የሚወፍረውም እህል ላይ ሲቆይ ነው። ጋሼ፣ ይህ በሬ የእርስዎ ነው፤ በረትዎ ገብቶ ብዙም አልከረመም። መዳቢው ደረሰበትና ደረጃውን ዝቅ ሊያደርግ ሲል መቱት። በሬ ለብቻ አይሸከሙት፤ ካርቶን ብቻ አቀያየሩ። ስቡ ግን ከካርቶንዎ ጋር ወደ ነጩ ተሻገረ።»

«ሆቴሉ አልጠብቅም አለኝ!» አድላቢው ጮኸ። «መዳቢውን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ!»

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፣ ጋሼ። የእርስዎ ግን የሚለቀም አይደለም።»

ካቴናው ከጠባቂው እጅ ወልቆ አድላቢው እጅ ላይ ገባ። የጠባቂው ሚስት እያለቀሰች ልታቅፈው ተጠጋች። እሱ አንጓውን እያሻሸ ወደኋላ አለ።

«ሌላው ይጠርጥረኝ፣ ግድ የለኝም» አላት። «አንቺስ?»

የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ወንፊት ቁራጩን ጮማ በወረቀት ጠቅልላ ቀድማቸው ወጣች።