ስልኩስ ጊዜያዊ ነበር?

ጋሼ ፍሬን ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ቀኝ እግራቸው ከፍሬን ላይ አይነሳም እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር። በኑሯቸውም ያው ናቸው። ባለሥልጣን ሲያዩ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ክርክር ሲሰሙ መንገድ ይቀይራሉ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ደግሞ ብዙ ነን፤ አንተዛዘብ።

የሚሳሱላት አንዲት ልጅ አለቻቸው። በአምቡላንስ ጥሪ ክፍል በጊዜያዊነት ተቀጥራ ስልክ ታነሳለች፤ የተጨነቀውን ታረጋጋለች፤ አምቡላንስ ትልካለች። ውሏ እየታደሰ ዓመታት አለፉ። በዚሁ መሐል ከሥራ በኋላ ተምራ ዲፕሎማዋን ያዘች። ታዲያ አንድ ቀን ባላሰበችው ሰዓት፣ “የመደቡ ደረጃ ስላደገ ውልሽ ተቋርጧል” ተባለች። አዲሱ ደረጃ የሚጠይቀው ዲፕሎማ ነው፤ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ግን የለም። ወንበሩ ከፍ አለ፤ የተቀመጠችበት ልጅ ወደቀች። ይኼ ምን የሚሉት እድገት ነው?

“እከሳለሁ” አለች ቤት እንደገባች።

“ማንን?”

“መሥሪያ ቤቱን።”

“ጆሮ አይሰማው የለ! መንግሥት ይከሰሳል እንዴ? ልጄ፣ ጊዜያዊ እኮ ነሽ። ጊዜያዊ ማለት ሂጂ ሲሉሽ አመስግነሽ የምትሄጂ ማለት ነው።”

“ደረጃው ይደግ አባዬ፤ እሱ አልከፋኝም። ታሟላለች አታሟላም ብለው ሳያዩኝ ማባረራቸው ነው የከፋኝ።”

ጋሼ ፍሬን ግን የራሳቸው መላ ነበራቸው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ገና ተራ ባለሙያ ሳለ፣ ለመስክ ሥራ በመኪና ይዘውት የሚዞሩት እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ሱፋቸውን ለብሰው ከቢሮው ደጃፍ ተገተሩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ ሻይም አዘዘላቸው።

“ለእርስዎማ እንዴት እምቢ እላለሁ?” አላቸው። “ብቻ ክሱን ትተወው። ከዚያ በሌላ መደብ በጊዜያዊነት እመልሳታለሁ።”

ጋሼ ፍሬን እግራቸው መሬት ሳይነካ ቤት ደርሰው የምሥራቹን ነገሯት። ልጅቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸውና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“ለእኔ ብለህ ደጅ ስትጠና አንጀቴን በላኸው” አለቻቸው። “ግን ያኛው መደብ ሲያድግስ? እንደገና ሱፍህን ለብሰህ ልትለምንልኝ ነው? አብረውኝ የተባረሩትስ? እነሱ ኃላፊውን በመኪና ያዞረ አባት የላቸውም።”

ክሷንም አስገባች። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቀን ጋሼ ፍሬንም አብረዋት ሄዱ፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብለው እኮ ነው! ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ተቀመጡ።

የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ተነሳ። “አመልካቿ ጊዜያዊ መሆኗን አውቃ ፈርማ ነው የገባችው። መደቡ ሲያድግ የነበረችበት ሥራ ቀርቷል” አለ። አነጋገሩ አፍ ያስከፍታል። ጋሼ ፍሬን በሆዳቸው “አለቀላት” አሉ።

ዳኛዋ ወደ ልጅቱ ዞሩ። “መልስ አለሽ?”

“አለኝ፣ ክብርት ዳኛ። እኔ ጊዜያዊ ነኝ እንበል፤ ስልኩስ ጊዜያዊ ነበር? ዛሬም ይጠራል። ዛሬም እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ያነሳዋል። ሥራው ካልቀረ፣ እኔ ሳልታይ ለምን ቀረሁ? ወንበሩን ስጡኝ አላልኩም። አወዳድሩኝ ነው ያልኩት።”

ጋሼ ፍሬን ሳይታወቃቸው ብድግ አሉ። የችሎቱ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ “ይቀመጡ አባቴ” ቢላቸው፣ “ልጄ እኮ ናት!” አሉ ጮክ ብለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ዳኛዋም ፈገግ አሉ። እሳቸው ግን አላፈሩም። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ኮርተው አያውቁም።

ችሎቱም መደቡ ማደጉ ብቻውን ለስንብት ምክንያት አይሆንም ሲል ወሰነ፤ ልጅቱ ተመልሳ በአዲሱ መስፈርት ትወዳደር አለ። ኃላፊው ውሳኔውን ካነበበ በኋላ አብረዋት የተባረሩትንም ጠራ። አራት ሰው ይፈለግ ነበር፤ እሷ ሦስተኛ ወጣች። አባትየው “አንደኛ ብትወጪ ምን ነበረበት?” እያሉ ያሾፉባታል፤ ወሬውን ግን ለሰፈሩ ሁሉ ያዳረሱት እሳቸው ናቸው።

ወገኖቼ፣ ሥራ ማደጉ ደግ ነው። ሲያድግ ግን ተሸክመው እዚያ ያደረሱት ሰዎች አስቀድመው ይታዩ። ሠራተኛውም የሚገባውን በምልጃ አይፈልግ፤ በምልጃ የሰጡት ወንበር ሰጪው ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

በዚያ ሰሞን ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አገኛቸውና ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

“እንኳን ደስ አለህ! ለመሆኑ በማን በኩል አስገባሃት?”

ጋሼ ፍሬን ኮፍያቸውን ራሳቸው ላይ አደላደሉ።

“እኔማ ላስቀራት ነበር” አሉት። “የገባችው በራሷ ነው።”