በባና የተጠቀለለው ኮምፒውተር

ወዳጆን ሞቶ ያገኘው የክርስትና ልጁ ዲያቆን ቴዎፍሎስ ነው። ከኪዳን ሲመለስ የወዳጆን ጽሕፈት ቤት በር ገፋ ቢያደርገው፣ ሰውየው ከኋላ ባለችው አልጋ ላይ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። እግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ አለ። ከሰሉ አመድ ሆኗል፣ ሰውየውም ቀዝቅዟል።

ሚሊኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነው። ሞላሌ ላይ ኮምፒውተር ያለው ሰው ቢባል ያው ወዳጆ ነበር። ማመልከቻ ይጽፋል፣ የሰርግ ጥሪ ያወጣል፣ ፎቶ ያነሳል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አላገባም። ሌላም ነገር አይወራበትም ነበር፣ ያውም በሞላሌ።

ታላቅ እህቱ እትዬ ጥሩሸዋ ከጓሮ ተጠርታ መጣች። እንዝርቷን እንደያዘች አስከሬኑን አየችው፣ ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ የበግ ጠጉሯን መፍተል ቀጠለች። አላለቀሰችም። «ቤቱ ለሷ ነው የሚቀረው» ያለ ሰው አለ። ማን እንዳለ ይታወቃል፣ ይቅር።

ዋናው ዓይን ያረፈው ግን መሲ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣች ኮምፒውተር የምትሠራ ልጅ ነች። ወዳጆ ከአዲስ አበባ ሻል ያለ ኮምፒውተር አስመጥቶ፣ የአሮጌውን ነገር ሁሉ እንዳለ ወደሱ እንድታዛውርለት ነበር የጠራት። ብቻዋን አልጋ ተከራይታ አደረች፣ ሱሪ ትለብሳለች። ሌላ ምን ያስፈልጋል። የአዲሱ ኮምፒውተር ጎኑ ተከፍቶ ውስጡ ያለ ብረት ጠፍቷል። «በርዷት ከሰል አስገባች፣ ሰውየው ሲሞት ብረቱን ይዛ ወጣች» ተባለ። ሚሊሻዎቹ ወስደው እህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉባት። ከቀብር በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ፖሊስ ልትላክ ነው፣ ሰው ገድላለች ተብላ። አንድ የሚቆምላት ዘመድ ባገሩ የላትም።

ሊወስዳት የመጣው መኪና ሳጅን ጌታነሽን ይዞ መጣ። ወፈር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነች። ባል የላትም ይሏታል። አላት፤ ቀየት የሚባል አገር ነው የሚኖረው፣ እሷም በዚያው ተመችቷታል።

ገብታ አስከሬኑን አየችና ወደ ማንደጃው ጎንበስ አለች። አመዱን በስንጥር ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ከሥር ያልነደደ ከሰል ቀርቷል፤ ሁሉም ባቄላ ባቄላ የሚያህል፣ ሆን ተብሎ የተሰባበረ። ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ስንጥቁ በጆንያ ቁራጭ ተወትፏል።

«ማንደጃው የማን ነው?»

«የኔ» አለች እትዬ ጥሩሸዋ። «ደጅ ነው የሚያድር።»

«ከሰሉስ?»

«ከሰል ከየት አመጣለሁ ልጄ። እኔ ኩበት ነው የማነድ። ወዳጆ ደግሞ እሳት የሚባል ከኮምፒውተሩ አጠገብ አያስደርስም፣ አመድ ይገባበታል ብሎ። ሲበርደው ጋቢ ይደርባል እንጂ።»

«ማንደጃ ሲገባ ታዲያ እንዴት አልነቃም?»

«ሳል ይዞት ሽሮፕ ጠጥቶ ነው የተኛ። ያ ሽሮፕ ድብን አድርጎ ያስተኛዋል። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበት ነበር።»

ሳጅን ወደ ጠረጴዛው ዞረች። አዲሱ ኮምፒውተር ጎኑ ክፍት ሆኖ ራቁቱን ቆሟል። አሮጌው አጠገቡ ከበግ ጠጉር በተሠራ ወፍራም ባና ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ይሄስ ምን ሆኖ ነው?»

«ማታ ማታ ያለብሰዋል። የእናታችን ባና ነው። ብርድ ያሳምመዋል ይላል» አለች። ፈገግ ልትል ነበር፣ ቀረ።

ቀጥሎ ቴዎፍሎስ ተጠራ። ቁመናው ያማረ፣ ነጠላው የነጣ ልጅ ነው። እሑድ ቅስና ሊቀበል ነው፤ ሚስቱ ጠጄ ለድግሱ ጠላ ጠምቃለች። ሞላሌ ስለሱ ክፉ አውርቶ አያውቅም። ይሄ ራሱ ትንሽ ያጠራጥራል።

«ትላንት አይተሃቸው ነበር?» አለችው ሳጅን።

«አዎ፣ ሲመሻሽ ሰላም ልላቸው ገብቼ ነበር። አዲሱ ላይ ተቀምጠው ደስ ብሏቸዋል። የባለቤታቸው ፎቶ እንደ ድሮው ስክሪኑ ላይ በርቷል። "ሁሉም እንዳለ ተዛወረልኝ" አሉኝ። እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ወጣሁ።»

«ማንደጃ ነበር?»

«እኔ አላየሁም። ልጅቷ ብርድ አትችልም ሲሉ ግን ሰምቻለሁ።»

«ማን ሲል?»

«ሰው» አለ።

ሳጅን ወደ መጋዘኑ ሄደች። መሲ የዘር ገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። አታለቅስም፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«በልተሻል?»

«አልራበኝም።»

«እሺ፣ ትላንት የሠራሽውን ንገሪኝ። እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም።»

«አሮጌው ውስጥ ያለውን ዲስክ አወጣሁ። የኪስ ዳዊት የምታህል ብረት ነች፤ ጽሑፉም፣ ፎቶውም፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ዊንዶውስም እሷ ላይ ነው ያለ። አዲሱ ውስጥ ከተትኳት።»

«እና?»

«እምቢ አለ። ሰማያዊ ያሳያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ዊንዶውሱ የአሮጌውን ሳጥን አካል ለምዶ ነው የኖረው። አዲሱ ውስጥ ሲነቃ የሚያውቀውን ያጣዋል። መጀመሪያ አሮጌው ውስጥ እያለ የለመደውን ላስረሳው ይገባ ነበር፣ ከዚያ ነው የሚዛወረው። ስለመሸ ለዛሬ አልነው።»

«ሌላ መንገድ አልነበረም?»

«ዊንዶውሱን ከባዶ እንድጭን ብዬው ነበር። ጋሽ ወዳጆ እንዳለ ነው የምፈልገው አለ፣ ፎቶው ሁሉ የተቀመጠበት ቦታ ሳይቀየር። ያ ዲያቆንም ሲለምነው ነበር፣ አሮጌውን ይጣሉት እያለ። አልሰማውም።»

«ዲስኳን የት አደረግሻት?»

«መልሼ አሮጌው ውስጥ። ጋሽ ወዳጆ ራሱ ባናውን አለበሰው።»

«ከአዲሱ የጠፋውስ?»

«አብሮት የመጣ ባዶ ዲስክ ነው። ምንም የለበትም።»

«ባዶ» አለች ሳጅን። ከኪሷ ቆሎ አውጥታ ዘገነችላትና ወጣች። ከዚያ ለደብሩ አለቃ ለመምሬ ተገኘ መልእክት ላከች፤ የቤተ ክርስቲያኑን ከሰል ከነጆንያው ይዘው እንዲመጡ።

ወዳጆ ተቀበረ። ሰው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየዘገነ ሲያወራ፣ ሳጅን የምትፈልጋቸውን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። እትዬ ጥሩሸዋ እንዝርቷን ይዛለች። መምሬ ተገኘ ጆንያቸውን እግራቸው ሥር አድርገዋል። ቴዎፍሎስ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ መሲ በሚሊሻ መሐል።

«መሲ፣ ትላንት ያደረግሽውን አሁን አድርጊው» አለቻት ሳጅን።

መሲ ዲስኳን ከአሮጌው አውጥታ አዲሱ ውስጥ ከተተች፣ አበራችው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ሰማያዊ ሆነ።

«ዲያቆን፣ ትላንት ፎቶ አየሁ ያልከኝ እዚህ ላይ ነው?»

«ምናልባት... አሮጌው ላይ ይሆናል።»

«አዲሱ ላይ ተቀምጠው ነው ያልከኝ። ትላንት ይዛወራል ሲባል ሰምተሃል፣ ሲመሽ ተዛውሮ አልቋል ብለህ አመንክ። ስለዚህ አዲሱን ከፍተህ ባዶውን ዲስክ ወሰድክ። መሲ ብትሆን ባዶ መሆኑን ታውቃለች፣ አትነካውም።»

«እትዬ ጥሩሸዋስ? እሳቸው ምን ያውቃሉ?» አለ ቴዎፍሎስ።

«እኔማ አውቃለሁ» አለች እትዬ ጥሩሸዋ፣ ከጠጉሯ ቀና ሳትል። «ወዳጆ የሚያለብስ በሥራ ላይ ያለውን ነው። አዲሱ ራቁቱን ነበረ። ገና ነው ማለት ነው።»

ሳጅን የማንደጃውን ከሰል በመዳፏ ዘርግታ ለመምሬ ተገኘ አሳየቻቸው። «አባቴ፣ እንዲህ የሚሰበረው ለምንድን ነው?»

«ለጽና ነዋ» አሉ መምሬ። «ለማዕጠንት። ትልቁ አይገባም።»

«የሚሰብረው ማን ነው?»

መምሬ ወደ ቴዎፍሎስ ዞሩ። «እሱ ነው» አሉ።

ከመስኮቱ የወጣውን ቁራጭ ሰጠቻቸው። ከጆንያቸው አፍ ላይ የተቀደደ ቦታ ነበር፤ አጋጠሙት፣ ገጠመ። ከሰሉን መሬት ላይ ዘረገፉት። ከመሐሉ የኪስ ዳዊት የምታህል ብረት ወጣች። መምሬ በጥላሸት እጃቸው ያዟት፣ ምን እንደሆነች ሳይጠይቁ ለሳጅን ሰጧት።

«ለምን እንደሆነ ነው የቀረው» አለች ሳጅን። «መሲ፣ ዲስኳን ወደ አሮጌው መልሺና አብሪው። ከዚያ ማንም አይንካው።»

አሮጌው እያቃሰተ ተነሳ። የወዳጆ ሚስት ፎቶ መጣ። ጠበቁ። ሳይነካ ሲቆይ ያከማቸውን ፎቶ እያቀያየረ የሚያሳይ ነበር፤ ደንበኛ ሲጠብቅ ይዝናናበት ብሎ ወዳጆ ነው እንደዚያ ያደረገው፣ እትዬ ጥሩሸዋ ናት ለሳጅን የነገረቻት። ጥምቀት መጣ፣ የሰው ክርስትና መጣ፣ አንድ በግ መጣ። ከዚያ ሰርግ መጣ። ሙሽራው ካባ ለብሷል። ቴዎፍሎስ ነው። ሙሽሪት ግን ጠጄ አይደለችም። ከጎኑ ወዳጆ በአዲስ ጋቢ ቆሟል።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ መምሬ።

«እየሩስ» አለ ቴዎፍሎስ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «ራቤል ሄጄ ስማር ያገባኋት። ፈታኋት።»

«ከጠጄ ጋር ስትቆርብ የመጀመሪያዬ ነች ብለህ ምለህልኛል። ሁለት ያገባ አይቀስም፣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። የክርስትና አባቴም ያውቁ ነበር። ከእሑድ በፊት ለመምሬ አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ አሉኝ።» መሬት መሬቱን አየ። «እንቅልፋቸው እንዲጠናልኝ ነው ያስገባሁት። ዲስኩን እስክወስድ።»

«መስኮቱን የወተፍከውስ?» አለች ሳጅን።

ቴዎፍሎስ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ስክሪኑ ተቀየረና ሌላ ሰው ሰርግ መጣ።

ለመሲ ተብሎ የተዘጋጀው መኪና እሱን ይዞ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ንፍሮውን እንደያዘ ቆሞ አየ። «እኔ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» ያሉ ብዙ ናቸው። ጠዋት መሲን ሲረግሙ የነበሩትም እነሱ ናቸው። መሲ ቦርሳዋን ይዛ በአውቶብስ ልትሄድ ስትል እትዬ ጥሩሸዋ በሩ ላይ ያዘቻት።

«የተጠራሽበት ሥራ አላለቀም» አለቻት።

«ይዛወር ነው የሚሉኝ እማማ?»

«እንዳለ ብሎሻል አይደል።»

መሲ አደረች። በማግስቱ ዊንዶውሱን አሮጌው ውስጥ የለመደውን አስረሳችው፣ ዲስኳን አዲሱ ውስጥ ከተተች። ተነሳ። የሟች ሚስቱ ፎቶ ያው ቦታው ላይ መጣ፣ ምንም አልጎደለም። እትዬ ጥሩሸዋ ባናውን ከአሮጌው ገፍፋ ጭኗ ላይ አኖረችው፣ እስኪመሽ ልትጠብቅ።

«አሁን ለአርባው የወዳጆን ፎቶ አውጪልኝ» አለች።

መሲ ፈለገች። የሰው ሁሉ ፎቶ አለ፣ የወዳጆ የለም። ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ከፎቶ ውስጥ የተገኘበት አንድ ቦታ የራቤሉ ሰርግ ብቻ ነው።

«ሙሽሮቹን ልቁረጣቸው?» አለች መሲ።

እትዬ ጥሩሸዋ ጠጋ ብላ አየች። የቴዎፍሎስ እጅ የወዳጆ ትከሻ ላይ ነው።

«እጁን ስትቆርጪ ትከሻውን ትቆርጪብኛለሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

እትዬ ጥሩሸዋ ተመልሳ ተቀመጠችና እንዝርቷን አነሳች።

«እንዳለ አውጪው» አለች።