የቀይ መስኮት ፍርድ

ቡታጅራ ውስጥ ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር። ቢዘገይም ፎርማት፣ ፕሪንተሩ እንቢ ቢልም ፎርማት። በ2005 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል የሆነውም ይኸው ነው።

የወረቀቱ መዝገብ ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶበት ሲበላሽ፣ የስድስት ዓመት የተማሪ ውጤት ኮምፒውተር ላይ የጻፈችው የክፍሉ ሠራተኛ ሃፊዛ ናት። ማንም ገብቶ ማርክ እንዳይቀይር የየዓመቱን ፋይል በነፃ በሚገኝ፣ አሠራሩ ለማንም ክፍት በሆነ ፕሮግራም ቆለፈችው። ቅጂ የምታስቀምጥበት ፍላሽ እንዲገዛላት ሁለት ጊዜ ጽፋ መልስ አላገኘችም።

ወልቂጤ ለሥልጠና ቆይታ ማክሰኞ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ባዶ ነበር።

«አንቲቫይረሱ ቀይ መስኮት አወጣ። ያ ያንቺ መቆለፊያ አደገኛ ነው አለ» አሉ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ለማ። «ጠጋኙን ኤፍሬምን ጠርቼ ፎርማት አስደረግሁት። እሱማ ሐኪሟ ራሷ በሽታውን ይዛ መጣች እያለ ሲስቅ ነበር።»

«ከሥር የተጻፈውን አነበቡት?»

«ቀይ ነው አልኩሽ እኮ። ምኑን አነባለሁ?»

በሩ ላይ ከመስቃን ገጠር የመጡት አቶ ሸረፋ ቆመዋል። ልጃቸው ሩፋይዳ ኮሌጅ ለመመዝገብ እስከ ዓርብ ትራንስክሪፕቷን ማቅረብ አለባት።

«አሰላሙ ዓለይኩም። የሩፋይዳ ወረቀት ደረሰ፣ ልጄ?»

ሃፊዛ ሰላምታውን መልሳ ባዶውን ስክሪን አየች። ተናደደች። ልጅቷ አራት ዓመት ሙሉ በእግሯ ተመላልሳ ያገኘችው ውጤት፣ አንድ ሰው ሦስት መስመር ማንበብ ስለሰነፈ ጠፋ።

ከቦርሳዋ ከዩኒቨርሲቲ የቀረቻትን ትንሽ ፍላሽ አውጥታ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተች። ቀዩ መስኮት እንደገና ብቅ አለ።

«ይኸው፣ ደግሞ አመጣሽው» አሉ አቶ ለማ።

ሃፊዛ ዛሬ ዓይኗን አልሰበረችም። «ጋሽ ለማ፣ የእርስዎ ውሻ ለሌባም ይጮኻል፤ ለእኔም ይጮኻል። ጮኸብኝ ብለው በዱላ ይቀበሉኛል? ወጥተው ማን እንደሆንኩ ያያሉ እንጂ። መቆለፊያም ሆነ ፈላጊ ፕሮግራም ሌባም ስለሚጠቀምበት አንቲቫይረሱ ይጮኻል። ከሥሩ የሚለው ተጠርጣሪ ነው እንጂ ቫይረስ ነው አይልም።»

«እውነት ቫይረስ ቢሆንስ?»

«ለዚያ ነው የሚጣራው። ሠሪዎቹ በገጻቸው የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር ያወጣሉ። ሰው ከነካካው ቁጥሩ ይለወጣል። ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር በራስዎ ዓይን ያስተያዩት።»

አቶ ለማ መነጽራቸውን አድርገው፣ አቶ ሸረፋ ቆመው እየጠበቁ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስተያዩት። ገጠመ። «ፍቀድ» የሚለውን የተጫኑት ራሳቸው ናቸው።

የአምስት ዓመቱ ፋይል ተገኘ። ሩፋይዳ ዘጠነኛ ክፍል የነበረችበት ዓመት ግን አልተገኘም፤ ከፎርማቱ በኋላ ኤፍሬም የጫናቸው ፊልሞች ቦታውን ይዘውታል። አቶ ለማ ሁለት ቀን በየመምህራኑ ቤት ዞረው አሮጌ የማርክ ደብተር ለመኑ። የሩፋይዳ ወረቀት ሐሙስ ማታ ተፈረመ። ከእሷ ጋር የተማሩት የመቶ ስልሳ ልጆች ውጤት ግን ገና ከየደብተሩ እየተለቀመ ነው።

አቶ ለማ ኮምፒውተሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፦ «ቀይ ሲመጣ አንብብ። የሚያውቅ ጠይቅ። ሳይጣራ አታጥፋ።»

ሃፊዛ አነበበችው። ጥሩ ነው አላለችም።

«ፍላሹስ፣ ጋሽ ለማ?»

እሳቸው ኮታቸውን አንስተው ፍላሽ ሊገዙ ወደ ገበያ ወጡ።