አባ ኤሚል የቆሙ ዕለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በልጅነቴ እናቴ ስለ መናፍስት ስታወራ እንኳ "ድመት ይሆናላ እማዬ" እያልኩ አበሳጫት ነበር። ቶሮንቶ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ፣ ነፍሳቸው ስትወጣ እጃቸውን የያዝኳቸውን ሰዎች ልቆጥር አልችልም፣ ግን እመኑኝ፣ አንድም ቀን የተለየ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ሰው ይሞታል፣ አንሶላ ይቀየራል፣ ሺፍት ያልቃል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። እንግዲህ ይሄን የምትለው ሴት ናት የሚከተለውን የምታወራችሁ፣ ከፈለጋችሁ ሳቁባት።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ ስካርቦሮ አፓርትመንት ይዘን እንኖራለን፣ ባለቤቴ ግርማ ሬክስዴል ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ እኔ ደግሞ ያረጁ የካቶሊክ ቄሶች የሚጦሩበት ናርሲንግ ሆም ውስጥ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ኦርቶዶክስ ሆኜ የካቶሊክ ቄስ ገላ ማጠብ አሳፍሮኝ ነበር፣ ኋላ ግን ሽማግሌ ሽማግሌ ነው፣ ለመድኩት። ከሁሉም የምወዳቸው አባ ኤሚልን ነበር። ዘጠና የሚጠጉ፣ ረጅም፣ ከስተው አጥንታቸው የቀረ፣ ኬቤክ ገጠር የተወለዱ ሰው ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው የተሰባበረ ስለነበር ደህና አድርገን እንግባባለን።

አባ ኤሚል በወጣትነታቸው ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ሚሲዮናዊ ነበሩ፣ እዚያች ደሴት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሴ የቀደሱት እሳቸው ናቸው። ከአንድ ጓደኛቸው ቄስ ጋር በታንኳ ገቡ፣ ጓደኛቸው የመጀመሪያው ዝናብ ሳያባራ በወባ ሞተ፣ መቃብሩን በራሳቸው እጅ ቆፍረው ቀበሩት። የአገሩ ሰው አልገደላቸውም፣ አልሰማቸውምም፣ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ታሊ የምትባል አንዲት ወጣት ባል የሞተባት ሴት ብቻ በየቀኑ የተጠበሰ ዓሣ እያመጣች ቋንቋ ታስተምራቸው ጀመር፣ ሲሳሳቱ ግንባራቸውን በጣቷ ኩርኩም ታደርጋቸዋለች።

"ሰብለ ልጄ" ይሉኛል እየሳቁ፣ "'የሰማዩ አባት' እያልኩ ስንት ወር ሰበክሁ መሰለሽ፣ ለካ 'የሰማዩ ሸርጣን' ነበር የምለው! ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚመጣው ለመሳቅ ነው!"

"ታዲያ አላረሙዎትም?"

"ታሊ አረመችኝ፣ ግን ምላሴ እስከ መጨረሻው እምቢ አለ።"

በሳቅ የመጣው ሰው ቀስ በቀስ ለሌላም ነገር ይመጣ ጀመር። እሳቸውም ቁስል ያጥባሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፣ ታንኳ ሲሠራ ግንድ ይሸከማሉ፣ በመጨረሻ ታሊ ተጠመቀች፣ ከሷ በኋላ መንደሩ ሙሉ። ከባሕር ድንጋይ ቤተክርስቲያን ሠሩ፣ ደወል ስለሌላቸው ግን ትልቅ የባሕር ዛጎል እንደ መለከት እየነፉ ነው ሰው የሚጠሩት። ዛጎሉ ደሴቲቱ ላይ ቋንቋ አለው ይሉኛል፣ ለሞተ ሰው በአንድ ትንፋሽ ረጅም፣ ከባሕር በሰላም ለተመለሰ ሰው ደግሞ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይነፋል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ አባ ኤሚል በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ አንድ መርከብ አንስቶ ወሰዳቸው። ባሕር ዳር ለቆመው ሕዝብ "ዝናቡ ሲያባራ እመለሳለሁ" አሉ። አልተመለሱም። አለቆቻቸው ካናዳ አስቀርተው አስተማሪ አደረጓቸው፣ ለመኑ፣ አልተፈቀደላቸውም፣ ቄስ ታዛዥ ነው፣ ዝም አሉ፣ ዓመታቱም አለፉ።

"እየጠበቁኝ አረጁ" አሉኝ አንድ ቀን ወደ ግድግዳው ዞረው። "ውሸታም ቄስ ሆንኩባቸው ሰብለ፣ የዘራሁት ሁሉ ከእኔ ጋር ጠፍቷል።"

በዚያው ክረምት መብላት አቆሙ። ከአልጋ መነሳት ካቆሙማ ቆይተዋል፣ አሁን ግን ማንኪያውን ሲያዩ አፋቸውን ይገጥማሉ። ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና ኮሪደሩ ላይ ራሱን ነቀነቀ፣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ደግሞ ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ፣ ቀን ነው፣ መብራቱ ሁሉ በርቷል። በረዶው ከጠዋት ጀምሮ ስለወረደ አውቶቡስ ቆሟል፣ ጠያቂ አልመጣም፣ ፎቁ ላይ ከሽማግሌዎቹ ሌላ ያለነው እኔና ሎርና የምትባል ፊሊፒናዊት ነርስ ብቻ ነን። የአባ ኤሚልን ሾርባ በትሪ ይዤ፣ ዛሬም እንደማይበሉ እያወቅሁ፣ በኮሪደሩ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የውሃ ድምፅ ነው፣ ሽሽሽ ይልና ዝም፣ ሽሽሽ ይልና ዝም፣ ቧንቧ ፈንድቷል ብዬ ወለሉን አየሁ፣ ደረቅ ነው። ትንሽ ራመድ ስል ጫማዬ ሥር ቀጭ ቀጭ አለ፣ ነጭ ነገር ተበትኗል፣ ሰው ከውጭ በጫማው ያስገባው የመንገድ ጨው ነው አልኩ፣ ቶሮንቶ በክረምት ጨው ያልረገጠ ማን አለ፣ ግን ማንም ከውጭ አልገባም እኮ፣ ደግሞ ጨው ሲረገጥ አይሞቅም፣ ይሄ ግን በጫማዬ ሶል በኩል ሞቀኝ።

ከዚያ ዛጎሉ ተነፋ።

በሕይወቴ ዛጎል ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም፣ ግን አወቅሁት፣ ደረቴ ውስጥ ነው የገባው፣ ቁርጥ፣ ቁርጥ፣ ቁርጥ እያለ። ትሪው ላይ ሾርባው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከወዲያኛው ክፍል ጆሯቸው የደነቆረ አንድ ቄስ "ማነው የሚነፋው?" ብለው ጮኹ፣ እኚህ ሰው ጆሯቸው ሥር ሲጮህባቸው እንኳ የማይሰሙ ናቸው! ሎርና ከጠረጴዛዋ ብድግ ብላ ታየኛለች፣ እኔ አያታለሁ።

የአባ ኤሚልን በር በክርኔ ገፋሁት። ሙቀት ፊቴን መታኝ፣ የእሳት ሽታ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ። አባ ኤሚል ቆመዋል! ስንት ጊዜ ሁለት ሆነን የምናገላብጣቸው ሰው፣ በባዶ እግራቸው፣ ምርኩዝ ሳይዙ፣ መስኮቱ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው በማላውቀው ቋንቋ እየጮኹ ያወራሉ፣ ፊታቸው የሙሽራ ፊት ሆኗል። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ብቻ ነው ያለው። እሳቸው አንድ ነገር ይላሉ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ እንደገና ይመልሳሉ፣ እኔም ዓይኔ እያየ፣ ከእሳቸው በቀር ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሴት ከልቧ ስትስቅ ሰማሁ። አባ ኤሚል ግንባራቸውን ልክ እንደተኮረኮመ ሰው በእጃቸው ሸፈኑና አብረው ሳቁ።

ልግባ ብዬ አንድ እግሬን አነሳሁ፣ አልቻልኩም። የበሩ ደፍ ላይ ትሪውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፣ ድምፁ እንደ ሬዲዮ እየቀነሰ ሄዶ ሲጠፋ ክፍሉ በረደ። አባ ኤሚል ዞር ብለው አዩኝ።

"ሰብለ! አልረሱኝም፣ ሰማሽ? አልረሱኝም! ይሄ ምንድነው የያዝሽው?"

"ሾርባ ነው አባ።"

"ሾርባ ለበሽተኛ ነው። ዓሣ የለም?"

በእግራቸው ሄደው ወንበር ላይ ተቀመጡና ሾርባውንም፣ ዳቦውንም፣ ኋላ ሎርና ከራሷ ምሳ ያመጣችውን ዓሣና ሩዝም ጨረሱት። ሎርና እያለቀሰች ታማትባለች። እኔ ኮሪደሩን ጠረግሁ፣ የጠረግሁትን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፣ ጨው ከሆነ ይሟሟል ብዬ፣ አልሟሟም፣ ሥሩ ላይ እንደ አሸዋ ነጭ ሆኖ ተኛ። ማታ ለግርማ ስነግረው "ደብል ሺፍት አበዛሽ፣ ተኚ" አለኝ፣ አልፈረድኩበትም።

በበጋው አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ቄስ ናርሲንግ ሆሙ በር ላይ መጣ፣ አባ ሚካኤል እባላለሁ አለ፣ ከዚያች ደሴት! አባ ኤሚልን ሲያይ በጉልበቱ ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ። የታሊ የልጅ ልጅ ነው።

አባ ኤሚል በዚያ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁት።

ሰውዬው ለእኔም እንዲገባኝ ብሎ መሰለኝ በእንግሊዝኛ መለሰ። "ማን ይረግምዎታል አባ? እኔን ጨምሮ ከደሴታችን የወጡ ቄሶች ዛሬ ሌሎች ደሴቶች ላይ ያገለግላሉ። የሠሩት ቤተክርስቲያን ጠቦን ሌላ ሠርተናል። ዝናቡ ባባራ ቁጥር በዓል እናደርጋለን፣ ምግብ ይቀርባል፣ አንድ ቦታ ባዶ እንተዋለን፣ የእርስዎ ነው። አያቴ ስትሞት ሄደህ አምጣው አለችኝ፣ አፈላልጌ እስካገኝዎት ነው የዘገየሁት።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አሉ አባ ኤሚል፣ ተነስተው ቆሙ። "አርፍጃለሁ እኮ!"

ሐኪሙ አይሆንም አለ፣ አውሮፕላን ላይ ይሞታሉ አለ። "ለሰማይ ቅርብ ሆኜ ነዋ!" አሉት። አለቆቻቸውም በዚህ ጊዜ እምቢ ማለት አልቻሉም። ኤርፖርት ድረስ ዊልቸራቸውን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ መግቢያው ጋ ሲደርሱ ግን ከዊልቸሩ ወርደው፣ በእግራቸው፣ ሻንጣ እንደሚጎትተው ወጣት ሁሉ ቀና ብለው ገቡ፣ እኔም ሰው እያየኝ እልል አልኩ። አባ ሚካኤል ኋላ ደውሎ እንደነገረኝ፣ ሕዝቡ በታንኳ ወጥቶ ባሕር ላይ ነው የተቀበላቸው፣ የሚቀጥለውን ዝናብ ሙሉ ቀድሰዋል፣ "የሰማዩ ሸርጣን" እያሉም ሰው አስቀዋል፣ ዝናቡ ሲያባራ በእንቅልፋቸው አረፉና ከዚያ ከመጀመሪያ ጓደኛቸው አጠገብ ተቀበሩ። እንዲህ ያለ አሟሟት ለወዳጆቼ ሁሉ እመኛለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀርቼባችኋለሁ። ኤርፖርቱ ውስጥ አባ ኤሚል ቲኬታቸውን ሲያሳዩ አባ ሚካኤል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "አያቴ የሞተችው እየሳቀች ነው" አለኝ። መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት፣ በእነሱ ሰኞ ጠዋት ነበር፣ በእኛ ያ የበረዶው እሑድ ከሰዓት ማለት ነው። አየት አደረገኝና ቀጠለ።

"እኛ አልጋዋ ዙሪያ ተቀምጠን እሷ ግን ወደ በሩ ነበር የምታየው። 'አንዲት ጥቁር ሴት ምግብ በትሪ ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች፣ ግቢ በሏት' አለችን። ዞር ብንል ማንም የለም። 'ዛሬ ፈርታለች፣ ሌላ ቀን ትገባለች፣ በሩን እንዳትዘጉባት' አለችና አረፈች።"

"ታዲያ ዘጋችሁት?" አልኩት፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ።

"አደራ ነው" አለኝ። "ክፍት ነው።"

በረራው ተጠራ፣ ጨብጦኝ ሄደ። ኋላ ሲደውል ልጠይቀው አስቤ አፌ አልታዘዘልኝም፣ አሁን ደግሞ እሱም በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፣ በሩም እስካሁን ክፍት ይሁን አይሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም።