ቀድሞት የገባው

ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ፤ ኋላ "ደጅ አድርሱኝ" የሚለኝን አላደርስም።

ድሮ ነው። ጨረቃ የለችም፤ ውሻ እንኳ የተኛበት ሰዓት ነው። አንድ ሐይቅ አለ፤ መሐሉ ላይ ደሴቶች አሉ። ደሴቶቹ ድሮ እሳት ይተፉ የነበሩ ተራሮች ናቸው፤ ድንጋያቸው ጥቁር፣ መሬታቸው ትኩስ። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያደርሰው መንገድ ውሃው ብቻ ነው።

ከደሴቶቹ በአንዱ ወርዶፋ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሚስቱን አስካለን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች። ሁለት ቀን ሙሉ! ጎረቤቶቿ፣ "አዋላጇን እትዬ ጥሩዬን ካላመጣህ እሷም ልጁም አይተርፉም" አሉት። ጥሩዬ ያለችው ሌላ ደሴት ነው። ምን ያድርግ? ታንኳው ላይ ዘሎ ወጣ። ጓደኛ እንኳ አልጠራም።

ይቀዝፋል። ይቀዝፋል። በጨለማው ውስጥ የሌላ መቅዘፊያ ድምፅ ሰማ። ሰው አይታይም።

"ማን ነህ?" አለው ድምፁ።

የሐይቅ ሰው ለዚህ አይመልስም። በጨለማ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የራሱን ስም ይናገራል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ወርዶፋም ያውቃል። ግን ልቡ የት አለ? ልቡ አስካለ ዘንድ ነው።

"ወርዶፋ ነኝ! ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፤ ጥሩዬን ልጠራ ነው!"

ያኛው መቅዘፊያ ፈጠነ። አለፈው።

ወርዶፋ ጥሩዬ ወደምትኖርበት ወደ ጥቁር ድንጋይ ደሴት ደረሰ። የጥሩዬ እህት ደጃፏ ላይ ቆማለች።

"ጥሩዬ አለች?"

"ፍልውሃው ደሴት ናት። ቅድም ነገርኩህ እኮ!"

ቅድም? እንቅልፍ ቢጫናት ነው አለና ቀዘፈ።

ፍልውሃው ደሴት ደረሰ። እንፋሎቱ ከድንጋዩ ሥር ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ችቦ ይዘው ቆመዋል።

"አባቴ፣ እትዬ ጥሩዬን ፈልጌ ነበር።"

"አንተ ልጅ፣ አሁን አይደል እንዴ ታንኳህ ላይ አሳፍረሃት የሄድከው? ምን ረስተህ ተመለስክ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሱ ወደ ቤቱ ቀዘፈ። መዳፉ ተላጠ፤ ቀዘፈ። አለቀሰ፤ ቀዘፈ። በሦስተኛው ደሴት ዳር ሲያልፍ መረብ የሚጥሉ ሰዎች አዩት። አንደኛው አማተበ።

"ሁለተኛው መጣ" አለ።

ወርዶፋ ደጁ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ፤ እልልታው ቀለጠ። አስካለ ተርፋለች! ልጁም ተርፏል! በሩን ደበደበ።

"ክፈቱልኝ! እኔ ነኝ!"

እልልታው ቆመ።

"እንዳትከፍቱ!" አለች ጥሩዬ። "ሐይቁ ላይ ሲከተለን የነበረው ነገር ነው።"

"አስካለዬ! ወርዶፋ ነኝ!"

አስካለም በደከመ ድምጿ፣ "ወይኔ! ድምፁ እንዴት ያንተን ይመስላል!" አለች።

ማንን ነው "ያንተን" ያለችው? ጎኗ የተቀመጠውን ነዋ! ወርዶፋ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። የራሱን ጀርባ አየ። ጀርባው ጎንበስ ብሎ ልጁን ታቅፏል።

ሲነጋ ጎረቤቱ ሁሉ ድንጋይ አነሣበት። ማለ፣ ተገዘተ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ። ማን ይመነው? አብሮት የቀዘፈ አንድ ሰው ቢኖር፣ "ወርዶፋ ይሄ ነው፤ ከእኔ ጋር ነበር" ይልለት ነበር። አንድ ሰው ብቻ! አልነበረም። የገዛ ሚስቱ እንደ ርኩስ መንፈስ ልታባርረው አመድ በተነችበት።

በሉ ተነሡ፤ መሽቷል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንተ ግን፣ ከበሩ ሥር የተቀመጥከው፣ ብቻህን ነው አይደል የመጣኸው?

እስቲ ንገረኝ፤ አሁን ቤትህ ከሚስትህ ጎን ማን አለ?