ወተቱ የት አለቀ?

የክሊኒኩ ረዳት ነርስ ተስፋው በዕርዳታ መጋዘኑ ውስጥ፣ በባዶ የዱቄት ወተት ከረጢቶች ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል። የኮመጠጠ ወተትና የደም ሽታ ተደባልቆ ይከረፋል፤ ዝንብ ቁስሉን አልብሶታል። ዘመኑ ስድሳ ስድስት ዓ.ም. ነው፤ ከሰሃላና ከፃግብጂ ረኃብ ያፈናቀላቸው እናቶች የሰቆጣን ክሊኒክ አጥር ተደግፈው ወተት ይጠብቃሉ።

መቶ አለቃ አሥራተ ማርያም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ሬሳውን መረመረ። ግቢው ውስጥ ገብረ ሊባኖስ የሚባል የሰሃላ ገበሬ የፊጥኝ ታስሯል።

«ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለ የክሊኒኩ አስተርጓሚ ደጅይጥኑ። «ለልጁ ወተት ሊሰርቅ ገብቶ ነው የገደለው። ዘበኛውን ይጠይቁ።»

ዘበኛው አባ ካሳ ሽማግሌ ናቸው።

«አባቴ፣ ምን ሰሙ?»

«ተስፋው በፈረንጅ አፍ ሲጮህ ሰማሁ። ‹ራን አውት ኦፍ ሚልክ› ይላል፣ ደጋግሞ። አቶ ደጅይጥኑ ‹ወተቱን ይዞ ሮጦ ወጣ› ማለቱ ነው አሉን። ይህን ሰው አጥሩ ሥር አግኝተን ያዝነው።»

«ወተት ይዞ ነበር?»

«ኧረ ባዶ እጁን ነው!»

«የክሊኒኩ ፈረንጅ ነርስስ?»

«ደሴ ከወረደች ሰነበተች።»

መቶ አለቃው በመጋዘኑ የጀርባ በር ወጣ። በሩ ከደጅይጥኑ ግቢ ያደርሳል። በረቱ ውስጥ ሁለት ሙክቶች ስባቸው ከብዷቸው ተኝተዋል፤ አፋቸው ነጭ ነው። ገንዳውን በጣቱ ጠረገና አሸተተ። የኮመጠጠ የዱቄት ወተት ነው። ገለባውን በእግሩ ሲገልጥ ደም የነካው ዘነዘና ብቅ አለ።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«‹ራን› ብቻውን ሮጠ ማለት ነው» አለ። «‹ራን አውት ኦፍ ሚልክ› ሲባል ግን ሮጦ የወጣ ሰው የለም፤ ‹ወተት አለቀብን› ማለት ነው። አቶ ደጅይጥኑ በእንግሊዝኛ እንጀራ ይበላሉ፤ ይህን አይስቱም፤ አውቀው አጣመሙት። ተስፋውስ በእንግሊዝኛ የጮኸው ለማን ነው? ገበሬው አይሰማም፤ ፈረንጇ የለችም። ከእናቶቹ ሸሽጎ ሊናገረው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ወደ ደጅይጥኑ ዞረ፤ አንቱታውም ቀረ።

«ወተቱ የት አለቀ ብሎ ሲይዝህ ገደልኸው። የሕፃናቱን ወተት ለሙክት አጠጣኸው!»

«እጅ መንሻ ነበሩ…» አለ ደጅይጥኑ አንገቱን ደፍቶ። «ሹመት ላገኝባቸው።»

መቶ አለቃው ምራቁን እንትፍ አለ። ገብረ ሊባኖስን በእጁ ፈታው፤ ሙክቶቹም ታርደው ለተራቡት እንዲታደሉ አዘዘ።

ወለተ ሰንበት የምትባል እናት ልጇን እንዳዘለች ወደ በረቱ ቀረበች። ገንዳውን አየችና በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«የልጆቻችንን ጉሮሮ ነው የበሉት። እንዴት ይዋጥልናል?» አለች።

ሌሎቹም እናቶች እንደ እርሷ ፊታቸውን አዞሩ። ቢላዋ የያዘው ሰው በቆመበት ቀረ።