ከፋለ የቀየራቸው ቁጥሮች

አቶ ምስጋኑ ከኢንተርኔት ቤታቸው ጓሮ፣ ወደ ጄኔሬተሩ ከሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። የላሊበላ ጓሮ ድንጋይና ደረጃ ነውና አዳልጧቸው ነው ቢባል ማንም አይደነቅም ነበር። ግን ጋቢ ለብሰዋል። ጋቢው ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተጥሎ የነበረው ነው። የወደቀ ሰው ደረጃ ወጥቶ፣ ጋቢ አምጥቶ፣ ተመልሶ አይተኛም። የሟቹ ጣቶች ደግሞ የጋቢውን ጫፍ ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። ሲለብሱ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

ኢንስፔክተር አልጣሽ ይህን ያስተዋለችው ግን መምህር ከፋለን ካሰረች በኋላ ነው። ያን ቅዳሜ ምሽት ከዓይኗ እጇ ቀደመ። ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰማ በመባሉ ብቻ የኮምፒውተር መምህሩን ተማሪዎቹ ፊት በካቴና አሰረችው። ከሠልስቱ ማግስት ወደ ወልዲያ ፍርድ ቤት ሊላክ ነው። የልጆቹ ዓይን ከፊቷ አልጠፋ ቢላት እንደገና ልትጠይቀው ወደ ታሰረበት ክፍል ገባች።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው።

«ዲኤንኤስ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ እንጂ።»

«የገጽ ስም ሲጽፉለት ኮምፒውተሩ መንገዱን አያውቀውም፤ መሪ ይጠይቃል። እንግዳ አስጎብኚ እንደሚጠይቀው መሆኑ ነው። ዲኤንኤስ ማለት ያ መሪ ነው፤ አድራሻው በቁጥር ይጻፋል። እኔ ቁጥሮቹን ቀይሬ ሌላ መሪ ሰጠሁት፤ ቫይረስና ብልግና ያለበት ገጽ አልወስድም የሚል። ተማሪዎቼ የሚጠቀሙት በዚያ ቤት ኮምፒውተር ነዋ! ጋሽ ምስጋኑ ‹ደንበኛ ታሸሽብኛለህ› ብለው ጮኹ። ኋላ እሺ ብለው የሁሉንም ኮምፒውተር አስቀየሩኝ። እኔ ግን ተቀይሜ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ።» አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ትንሽ ብቆይ ለማታ ጄኔሬተሩን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።»

«ቁጥሮቹን ሌላ ሰው ሊመልሳቸው ይችላል?»

«በይለፍ ቃል ቆልፌዋለሁ። ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።»

ከሱቁ ጋር ግድግዳ ወደሚጋራው ለቅሶ ቤት ስትሄድ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደመቀችም በዚያው ቃል ጠበቋት። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ልጄ። በማይረባ ነገር ተኮራርፈን ምሳውን ብቻውን በላ።»

ቀጥሎ ያነጋገረችው የቤቱን ወዳጅ፣ አስጎብኚውን ዘመንን ነበር። ቅዳሜ ሱቁ ሲገባም ሲወጣም ጎረቤት አይቶታል፤ እሱም አልካደም።

«እኔ ምን ጥፋት አለብኝ?» አለ። «ገበያ ሲበተን መጣሁ። ከፋለ ፊቱ ተለዋውጦ ሲወጣ በር ላይ ተላለፍን። ጋሽ ምስጋኑን አላየኋቸውም። በሩ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ቁጭ ብዬ እስኪመሽ ዘፈን ሳወርድ ነበር።»

«ከየት ነው የምታወርደው?»

«ከለመድኩት ገጽ ነዋ!» ብሎ የገጹን ስም ነገራት።

ለቅሶ ቤት ሁሉም ራሱን ይከሳል። ያልከሰሰ አንድ ዘመን ብቻ ነው። ንጹሕ ነኝ ማለት ወንጀል ባይሆንም አልጣሽን ከነከናት። ሱቁን አስከፍታ ብቻዋን ገባችና በሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች።

በሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ድንኳን ሳለ ወይዘሮ ደመቀችን፣ ዘመንንና ሁለት ሽማግሌዎችን ወደ ሱቁ ጠራች። ከፋለን ከነካቴናው አስመጣችው።

«ዘመን፣ እስቲ ያንን የዘፈን ገጽ ክፈትልኝ።»

ዘመን ግር እያለው ጻፈ። ገጹ በመከፈት ፈንታ «ይህ ገጽ ታግዷል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ደግሞ ሞከረ።

«ኔትወርኩ ነው» አለ።

አልጣሽ በትከሻው ላይ እጇን ሰድዳ የጋዜጣ ገጽ ጻፈች። ተከፈተ።

«ኔትወርኩ ደህና ነው። ይህን ገጽ የዘጋው ከፋለ ነው፤ ቫይረስ ስለሚያመጣ። መቼ ዘጋው? ከቅዳሜ ምሽት ጀምሮ እኔ ዘንድ ታስሯል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ነው። ከዚህ ሲወጣ ደግሞ በር ላይ አግኝቼዋለሁ ያልከው አንተ ነህ። አንተ ስትገባ ገጹ ተዘግቷል። እዚህ ቁጭ ብለህ አንድ ጊዜ እንኳ ሞክረህ ቢሆን ኖሮ፣ ‹እምቢ አለኝ› ትለኝ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ወንድሜ። ገበያ ከተበተነ እስኪመሽ የት ነበርክ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ከፋለ ዞራ ካቴናውን ፈታች። «መምህር፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታህን ተማሪዎችህም ፊት እጠይቃለሁ።»

ዘመን የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ይዞ ቀረ።

«ሌሎች አስጎብኚዎች ሳይዘጉ የሚሄዱትን ኢሜል እያነበብኩ እንግዶቻቸውን ስነጥቅ ጋሽ ምስጋኑ ደርሰውብኝ ነበር» አለ። «ደረጃው ላይ ‹ለአስጎብኚዎች ማኅበር ነግሬ ባጅህን አስነጥቅሃለሁ› አሉኝ። ገፋኋቸው። በመስቀሉ፣ ልገድላቸው አልነበረም።»

«ጋቢውስ?»

«‹በረደኝ› አሉኝ። አምጥቼ አለበስኳቸው። ድምፃቸው አልወጣ እያለ ‹ሰው ጥራልኝ› አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከዳኑ ይናገራሉ አልኩ። እዚህ ቁጭ አልኩ። ዝም እስኪሉ።»

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። አልጣሽ ልትናገር ስትል ወይዘሮ ደመቀች ቀደሟት። አልጮኹም፤ ወደ ዘመን ተጠግተው በመዳፋቸው የሱቁን ግድግዳ መታ መታ አደረጉ።

«ከዚህ ማዶ ነበርኩ እኮ፣ ዘመን። ‹እትዬ› ብትለኝ ይበቃ ነበር።»